ላፕቶፓችሁን ገልብጣችሁ እዩት፦ ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

ባለፈው ግንቦት የአክስቴ ልጅ ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልላ ቤቴ መጣች። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነው የምትማረው፣ የመጀመሪያ ዓመት ናት። ፈተና ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። "ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል አሉኝ። ከምታሠሪው ሌላ ብትገዢ ይሻልሻል አሉኝ" አለች። ማዘርቦርድ ሌላው ክፍል ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ ነው። እንባዋ ሊመጣ ትንሽ ነው የቀረው። አክስቴ ያንን ላፕቶፕ እንዴት እንደገዛችላት አውቃለሁ። እቁብ ሲወጣላት ነው ሳትነካው ያወጣችው።

አብርቼ አየሁት። የቻርጀሩ መብራት ይበራል። ፋኑ ይዞራል። ስክሪኑ ግን ጭልም ብሏል፤ ካፕስ ሎክ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አጠፋሁት፣ ገለበጥኩት፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁ፣ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ፣ ከዚያ ራሙን፣ ማለትም የላፕቶፑን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ አውጥቼ ጫፉ ላይ የተደረደሩትን ወርቃማ ጥርሶች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብዬ አሸሁና መልሼ ሰካሁት። በራ! ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀብኝም።

ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ያላት ሰው ራሙን እንኳ ነቅሎ አላየም ነበር። ይሄ ነገር እስካሁን ያበሳጨኛል። ቴክኒሻን ሁኑ እያልኩ አይደለም። ግን ላፕቶፓችሁ ውስጥ ምን ምን እንዳለ፣ የትኛው ሲታመም ምን ምልክት እንደሚያሳይ ካወቃችሁ ላልተበላሸ ነገር ገንዘብ አትከፍሉም።

ከሆዱ እንጀምር

ላፕቶፑን አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉት፣ ገልብጡት። ሆዱ ላይ የተለጠፈ ወይም የታተመ ጽሑፍ ታያላችሁ። ኤችፒ፣ ዴል፣ ሌኖቮ የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይጠቅምም። የሚፈለገው ሙሉው የሞዴል ስምና ሲሪያል ነምበሩ ነው። ዴል ከሆነ ሰርቪስ ታግ ይለዋል፣ ሰባት ፊደልና ቁጥር ነው። አሁኑኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጽሑፉ ከቦርሳና ከጭን ጋር እየታሸ ይጠፋል፤ ባትሪ ወይም ኪቦርድ ልትገዙ ስትሄዱ ደግሞ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

እዚያው ሆዱ ላይ ወንፊት የመሰሉ ቀዳዳዎች አሉ። አየር የሚገባው በነዚህ ነው። የሚወጣው ደግሞ በጎን ወይም ስክሪኑ በሚታጠፍበት በኩል ነው፤ ላፕቶፑ ሲሠራ እጃችሁን ጠጋ ብታደርጉ ሞቃት አየር ይሰማችኋል። የት የት እንደሆኑ አስታውሱ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጎኑ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ብዙ ሰው በደንብ አያውቃቸውም። ዩኤስቢው ውስጡ ሰማያዊ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣኑ ነው፣ በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት ያሳልፋል። ጥቁሩ ብዙውን ጊዜ አሮጌው ዓይነት ነው፣ 480 ሜጋቢት ላይ ይቆማል። ስለዚህ ማውሱን ጥቁሩ ላይ፣ ፍላሽና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰማያዊው ላይ ሰኩ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ጥቁር ነው፤ እንዲያ ከሆነ አጠገቡ ሁለት ኤስ ፊደል የተጻፈበትን ፈልጉ። ኤችዲኤምአይ ምስልና ድምፅ አብሮ ወደ ቴሌቪዥን ይወስዳል። 15 ቀዳዳ ያለው ሰፊው ቪጂኤ ምስል ብቻ ነው የሚወስደው፣ የቆዩ ፕሮጀክተሮች ላይ ግን አሁንም ይፈለጋል።

ቻርጀሩና የእኛ መብራት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ባሕር ዳር ውስጥ ላፕቶፕ ከሌላው ነገር ሁሉ በላይ የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

የቻርጀሩን ሳጥን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ። "ኢንፑት" የሚለው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። የእኛ መብራት 220 ነው። ስለዚህ መብራቱ ደከም ቢል፣ አምፖሉ ቢደበዝዝ እንኳ ቻርጀሩ ይችለዋል። የማይችለው ድንገት የሚመጣውን ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ብው ብሎ የሚመጣው ኃይልና የሐምሌ መብረቅ ቻርጀር ያቃጥላሉ፣ አንዳንዴ ከቻርጀሩ አልፈው ቦርዱን ይነካሉ። ልማድ አድርጉት፦ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፣ አምስት ደቂቃ ታገሱ። ከጣና በኩል ሰማዩ ጠቁሮ መጉረምረም ከጀመረም ንቀሉት። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፣ ሥራችሁ አይቋረጥም።

"አውትፑት" የሚለው መስመር ደግሞ ሌላ ቻርጀር ስትገዙ የሚያስፈልጋችሁ ነው። ለምሳሌ 19.5 ቮልትና 3.34 አምፔር ይል ይሆናል። ሁለቱን ስታባዙ 65 ዋት ገደማ ይመጣል። ሕጉ ቀላል ነው። ቮልቱ ያው መሆን አለበት። አምፔሩ ከድሮው እኩል ወይም በላይ ይሁን። ከበለጠ ችግር የለም፣ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ካነሰ ግን ቻርጀሩ ይግላል፣ ላፕቶፑም ወይ አይሞላም ወይ እየተንቀራፈፈ ይሠራል። የዴል ቻርጀር ክቡ ጫፍ መሃል ላይ ያለችውን ቀጭን መርፌ ተጠንቀቁላት። ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚያውቀው በእሷ ነው። ከተጣመመች ወይም ከተሰበረች መብራት እየገባ ባትሪው አይሞላም፣ ላፕቶፑም ኤሊ ይሆናል። ይሄንን ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ያስደረገ ሰው አውቃለሁ።

ሌላው ማከፋፈያው ነው። ልል የሆነ፣ ሲሰኩት ቸስ ቸስ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ማከፋፈያ ካላችሁ ዛሬውኑ ቀይሩት። ያ ድምፅ ብልጭታ ነው፣ ቻርጀሩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እንደማብራትና እንደማጥፋት ቁጠሩት።

ባትሪው ሊቲየም ነው። የሚጠላው ሁለት ነገር ነው፦ ሙቀትና ጫፍ ላይ መቆየት። ዜሮ እስኪገባ አትጠብቁ፣ ሁልጊዜም መቶ ላይ ተሰክቶ አይዋል። ከ20 እስከ 80 መካከል ስታቆዩት ዕድሜው ይረዝማል። ብዙ ላፕቶፖች 80 ላይ እንዲያቆም የሚያዝ ምርጫ አላቸው፣ ፈልጉት። እና ይሄን በደንብ ስሙኝ፦ ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ ወይም ሆዱ ካበጠ፣ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። በዚያው ቀን አጥፉት፣ ቻርጀር አትሰኩበት። አትጫኑት፣ አትውጉት፣ እሳት ይይዛል። አውጥቶ የሚቀይርላችሁ ሰው ፈልጉ።

ውስጡን ሳትፈቱ ማየት

ዊንዶውስ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ሦስቱን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡ። የፕሮሰሰሩ (የላፕቶፑ አንጎል በሉት) ስም፣ የራሙ መጠን፣ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ፣ ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ይሁን ሃርድ ዲስክ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። ስላይትሊ ዩዝድ ልትገዙ ከሆነ ላዩ ላይ የተለጠፈውን አትመኑ፣ ተለጣፊ ይላጣል ይለጠፋል። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ይሄን ክፈቱ። ባለሱቁ ቅር ቢለው ይበለው።

ፕሮሰሰሩን ስታዩ ብዙ ሰው አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚለውን ብቻ ያያል። ዋናው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ5 ብሎ 8250 ካለ የመጀመሪያው 8 ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው። አይ7 ብሎ 7500 ካለ ደግሞ ሰባተኛ። ሁለቱም መጨረሻ ላይ ዩ የሚል ፊደል ካላቸው የመጀመሪያው አራት ኮር፣ አራት ሠራተኛ በሉት፣ አለው፣ ሁለተኛው ሁለት ብቻ። ስለዚህ አይ5 የተባለው አይ7 ከተባለው የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ይሄን የማያውቅ ገዢ ብዙ ብር ጨምሮ የደከመውን ይዞ ይሄዳል። ፕሮሰሰር ደግሞ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣ፣ በኋላ አይቀየርም። ስትገዙ ነው መምረጥ።

ዲስኩ

አንድ ነገር ብቻ መቀየር የምትችሉ ከሆነ ይሄን ቀይሩ።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ብዙዎቹ የላፕቶፕ ዲስኮች በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራሉ። ከላዩ ላይ የምታነብ ትንሽ ክንድ አለች፣ ሳህኑን ሳትነካው ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ከፍታ ትንሳፈፋለች። አሁን ይሄን ነገር ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ ባጃጅ ላይ ስትወጡ አስቡት። ድንጋይ ንጣፉ ላይ ባጃጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላፕቶፑም አልጠፋም፣ ክዳኑ ብቻ ነው የተዘጋው። ክዳኑን ዘግታችሁ ወዲያው አትነሱ። ፋኑ ዝም እስኪል፣ የዲስኩ መብራት እስኪያቆም ጠብቁ። ረዥም መንገድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ጆሯችሁን ጠጋ አድርጋችሁ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዲስኩ እየተሰናበታችሁ ነው፤ ሌላ ምንም ሳትሞክሩ ፋይላችሁን ገልብጡ።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ፣ ተራው ኤስኤስዲ 500 አካባቢ ያነባል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ ከዚያም በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ለመነሳት ሦስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረ የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ከገባለት በኋላ ቡና ሳይቀዳ ይነሳል። ፕሮሰሰሩ ያው ነው፣ ራሙም ያው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን የትኛው ዓይነት እንደሚገባ እወቁ። አንደኛው እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፣ በሃርድ ዲስኩ ቦታ በቀጥታ ይገባል። ሌላው እንደ ማስቲካ ቀጭን ነው፣ ኤምዶትቱ ይሉታል። በጣም የተለመደው 2280 የተጻፈበት ነው፣ ወርዱ 22 ሚሊሜትር ርዝመቱ 80 ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። ሁሉም ማስቲካ አንድ አይደለም። ጫፉ ላይ አንድ ቁራጭ ጎደሎ ካለው ብዙውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው፣ ሁለት ጎደሎ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ሳታ የሚባለው ተራው ኤስኤስዲ ነው። ላፕቶፓችሁ የትኛውን እንደሚቀበል ፎቶ ባነሳችሁት የሞዴል ስም ፈልጉ። ያ ፎቶ ይሄው ጠቀመ።

ራሙ

ራም ሥራ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው በሉት። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ እቃ ሲበዛ መጨናነቅ ይመጣል። በአሁኑ ጊዜ 4 ጊጋ ይዞ ሃያ ታብ መክፈት ላፕቶፑን ማሠቃየት ነው፣ 8 ቢሆን ጥሩ ነው። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4፣ ዲዲአር5 የሚባሉት አይቀያየሩም። የጥርሳቸው ቁጥርና የጎደሎው ቦታ ስለሚለያይ በግድ ካልሰበራችሁት በቀር አይገቡም። የላፕቶፕ ዲዲአር3 ጥርሱ 204 ነው፣ የዲዲአር4 ደግሞ 260። አንዳንድ ስስ ላፕቶፕ ላይ ራሙ ተበይዷል፣ መጨመር አይቻልም።

ነቅሎ ማጽዳት ለምትፈልጉ፦ አጥፉ፣ ቻርጀር ንቀሉ፣ የሆዱን ክዳን ፈትታችሁ ክፈቱ፣ የባትሪውን ገመድ መጀመሪያ ንቀሉ። ራሙን ሳትነኩ እጃችሁን ትልቅ ብረት ላይ፣ መስኮት ፍሬምም ቢሆን፣ አስነኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይወርድላችኋል። በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ቅንጥቦች ወደ ውጭ ስትገፏቸው ራሙ በራሱ ቀና ይላል። ጠርዙን ይዛችሁ ሳቡት። ጥርሱን በጣት አትንኩ። ነጭ ላጲስ፣ ከዚያ የላጲሱን ብናኝ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ። ስትመልሱት በሰያፍ አስገቡና ቀጭ እስኪል ወደ ታች ተጫኑት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እያስገባችሁ ሞክሩ፤ በአንዱ በርቶ በሌላው እምቢ ካለ በሽተኛው ተገኘ።

ሙቀት፣ አቧራና የጣና ትንኝ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል፣ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የማውጣት አቅሙ ትንሽ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሚያዝያና ግንቦት አለ። በዚያ ላይ ማታ መብራት ባየ ቁጥር ከሐይቁ የሚወጣው ትንኝ አለ። ሐይቁ ዳር አምፖል ሥር ተቀምጦ ላፕቶፕ የሚከፍት ሰው ፋኑ እንደ መጥረጊያ ይስብለታል። አንዴ የጓደኛዬን ከፍቼ ፋኑና የመዳቡ ወንፊት መካከል እንደ ጥጥ የተጠቀጠቀ ነገር አገኘሁ። አቧራ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ክንፍ ነው፣ የደረቀ የትንኝ ክንፍ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ። አየር በየት በኩል ይውጣ?

ምልክቱ ይሄ ነው፦ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ የሚወጣው አየር ግን ደካማ ነው፣ ቪዲዮ ስታዩ ይንቀራፈፋል፣ ሲብስም ድንገት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ነው የሚጠፋው። የሆዱን ክዳን ከፍታችሁ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ ፋኑን በስቴኪኒ አቁማችሁ በብሎወር ንፉት። ስቴኪኒዋ የግድ ናት። ፋኑ በብሎወሩ ኃይል ከአቅሙ በላይ ከተሽከረከረ ይጎዳል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ፕሮሰሰሩና መዳቡ መካከል ያለው ቅባት፣ ተርማል ፔስት የሚሉት፣ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሆናል፣ እሱን መቀየር ነው።

እና እባካችሁ አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አስቀምጣችሁ ፊልም አትዩ። ቅድም ያያችኋቸው የሆዱ ቀዳዳዎች ተደፈኑ ማለት ነው። ትሪ አድርጉበት፣ ካርቶንም ቢሆን።

ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ የፈሰሰ ማኪያቶ

ስክሪኑ ጠቆረ ማለት ስክሪኑ ሞተ ማለት አይደለም። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በሰያፍ ስክሪኑ ላይ አብሩበት። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ የጠፋው የኋላው መብራት ወይም ገመዱ ነው። ምንም ካልታየ በኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥን ላይ ሰኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ከመጣ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው፣ ጣጣው ስክሪኑ ጋ ነው። መስመር የሚመጣው ክዳኑን ስታንቀሳቅሱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ላልቷል፣ አዲስ ስክሪን አትግዙ።

ማኪያቶ ወይም ሻይ ከፈሰሰበት ቶሎ በሉ። ቻርጀሩን ንቀሉ። ማብሪያውን እስኪጠፋ ተጭናችሁ ያዙ። ክዳኑን ከፍታችሁ እንደ ድንኳን በአፉ ድፉት፣ ይንጠባጠብ። "ሠራ ወይ?" ብላችሁ አታብሩት፣ የሚገድለው ያ ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበር ምንም አይረዳም። ስኳር ያለው ነገር ከሆነ ቢደርቅም ስኳሩ ይቀራል፣ ተከፍቶ በአልኮል መጽዳት አለበት።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ኢንተርኔቱም "ደህንነቱ ያልተጠበቀ" እያለ ገጽ አልከፍትም ካለ፣ ኢንተርኔቱን አትውቀሱት። ቦርዱ ላይ ሰዓት የምትይዝ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፣ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 ትባላለች። እሷን ቀይሩ፣ አለቀ።

ጭራሽ አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ካጋጠማችሁ እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ይሄ ነው። ሌላ ሶኬት፣ ሌላ ቻርጀር። ከዚያ ቻርጀሩንም ባትሪውንም ነቅዬ ማብሪያውን ሠላሳ ሰከንድ እጫናለሁ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ቻርጀሩን ብቻ ሰክቼ እሞክራለሁ። ከዚያ ራም። ከዚያ ቴሌቪዥን። የሚብለጨለጭ መብራት ወይም ቲጥ ቲጥ የሚል ድምፅ ካለ እቆጥረዋለሁ፣ በየሞዴሉ ትርጉም አለው። ማዘርቦርድ የሚለው ቃል ከአፌ የሚወጣው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ወደ ጥገና ቤት ከወሰዳችሁትም ይሄን ይሄን ሞክሬያለሁ ብላችሁ ንገሩት፣ የተቀየረውን አሮጌ እቃም መልስልኝ በሉ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ላጲስና ትንሽ ካቻቢቴ ይዛ ትዞራለች። በቀደም ማታ ከዶርም ደወለችልኝ፣ የጓደኛዋ ላፕቶፕ ጠቁሮባት ነው። "ጋሼ፣ ራሙ አይደለም፣ አጽድቼዋለሁ። በስልክ መብራት ሳየው ምስሉ አለ። የስክሪኑ ገመድ ወይ የኋላው መብራት ነው አይደል?"

ነው አልኳት።